የእድር ድስትና የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር

እኔ የሰውን ልጅ የምከፍለው በሁለት ነው። የእድር ድስት አጥቦ የሚመልስ አለ፤ ሳያጥብ የሚመልስ አለ። የተማረና ያልተማረ፣ ሀብታምና ድሃ የሚባለው ሌላው ክፍፍል እምብዛም አይዋጥልኝም። ቀጨኔ ውስጥ የሰፈራችን እድር ንብረት ያዥ ሆኜ አሥራ አራት ዓመት ቆይቻለሁ። በነዚህ ዓመታት ውስጥ ከረባት ያሰረ ሰው ሽሮ የተጋገረበትን ድስት በራፌ ላይ አስቀምጦ በሩጫ ሲሸሽ አይቻለሁ። የራሷ ቤት ጣሪያ የሚያፈስባት ሴትዮ ደግሞ አጥባና አድርቃ፣ በጨርቅ ሸፍና ስትመልስ አይቻለሁ። ሦስተኛ ዓይነት ሰውም አለ ይባላል፤ የድስቱን ቂጥ ሳይቀር ፈግፍጎ፣ የስንት ዓመት ጥላሸቱን አስለቅቆ የሚመልስ። እኔ አላጋጠመኝም። እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ግን እንደ መላእክት ሳላይ አምናለሁ።

ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ድስት አይደለም፤ ስለ ኮምፒውተር ነው። ነገር ግን ድስቱን ካላወቃችሁ ከኮምፒውተሩ ጋር የሠራሁትን ስትሰሙ «ይኼ ሰውዬ ጤና የለውም» ትላላችሁ። ጤናስ አለኝ። የተጠናወተኝ እድር ነው።

የእንጀራ ሥራዬ ማስተማር ነው። እዚሁ ጉለሌ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አንድ እሑድ ምሳ ላይ «ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ነው» አልኩ። ባለቤቴ በላይነሽ ተነስታ ከጎረቤት መዶሻ ተውሳ መጣችና ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ አንድ ትልቅ ምስማር መታች።

«ምንድን ነው ይኼ?» አልኳት።

«የምርቃትህ ፎቶ የሚሰቀልበት ነዋ!» አለችኝ።

ያ ምስማር አራት ዓመት ባዶውን ቆመ። ልጆቹ አንዴ የቀን መቁጠሪያ ቢሰቅሉበት በቁጣ አወረደችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ዓይኑ እዚያ ያርፋል። «እዚህ የነበረው ፎቶ ወድቆ ነው?» ይላል። በላይነሽም «ገና አልተነሳም» ብላ ወደ እኔ ታያለች። አራት ዓመት ሙሉ ሳሎኔ ውስጥ ዜና ያየሁት ከምስማሩ ሥር አንገቴን ደፍቼ ነው።

ጥናቴ ስለ እንጦጦ ነው። በባሕር ዛፉ ሥር እንደ ጥድና ወይራ ያሉ አገር በቀል ችግኞች በራሳቸው ጊዜ ይበቅላሉ ወይስ አይበቅሉም የሚል ነው። ሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ተራራው እየወጣሁ፣ በጉልበቴ እየተንበረከክሁ ችግኝ ቆጠርኩ። ከእንጦጦ ማርያም የሚመለሱ ሰዎች ስእለት ያለብኝ እየመሰላቸው ከንፈራቸውን መጠው ያልፉ ነበር። አንዲት እናት «ጸሎትህን ትስማህ ልጄ» ብለው እፍኝ ቆሎ ሰጥተውኛል። ችግኝ እየቆጠርኩ ነው ማለት አፈርኩና ቆሎውን ተቀብዬ ተሳለምኩ።

ቆጠራው አለቀ። ጽሑፉም ተጽፎ አለቀ። የቁጥሮቹ ቦታ ብቻ ባዶ ቀረ፤ ስሌቱ ገና ነበራ። ላፕቶፔ ስሌቱን ሲጀምር እንደ ካውያ ይግልና ቀጥ ይላል። አማካሪዬ ሁኔታውን ሰሙና «የዩኒቨርሲቲውን የጋራ ኮምፒውተር ተጠቀም» አሉኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «ሦስት ሳምንት ቀርቶሃል። በሦስተኛው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መዝገቡ ይዘጋል። ሦስት ጊዜ ተራዝሞልሃል፤ አራተኛ የለም። ስምህ ይሰረዛል» አሉ። መነጽር አውልቆ የሚናገር ሰው አይቀልድም።

የጋራ ኮምፒውተሩ አንድ ትልቅ ማሽን ነው፤ ሁሉም ሰው ካለበት ሆኖ በስሙ እየገባ ይሠራበታል። የሚሠራው ዩኒክስ በሚሉት ሥርዓት ነው። ገብታችሁ ብታዩት መስኮቱ ጥቁር ነው። ሥዕል የለው፣ የሚነካ ነገር የለው። አንዲት ጭረት ብልጭ ድርግም እያለች ትጠብቃችኋለች። እናንተ ትጽፋላችሁ፤ እሱ ይፈጽማል። ያላችሁትን በትክክል ከፈጸመ ዝም ይላል። እኔ ቤት ዝምታ ትርጉሙ ሌላ ስለሆነ ይህን ለመልመድ ትንሽ ተቸግሬ ነበር።

አማካሪዬ የነገሩኝን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ስም ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ አላገኘሁም አለኝ። ደግሜ ጻፍኩ፤ ደግሞ አላገኘሁም አለኝ። ሌላው ሰው እዚህ ላይ ስልክ አንስቶ ይጠይቃል። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና ደብዳቤ ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም እንዲጫንልኝ ስለመጠየቅ» የሚል፣ ግልባጩ ለሦስት ክፍሎች የሆነ ደብዳቤ። አንዱ ግልባጭ ለቤተ መጻሕፍቱ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱን ጉዳዩ አይመለከተውም፤ ሆኖም ከሦስት ያነሰ ግልባጭ ያለውን ደብዳቤ ሰው አይፈራውም። ደብዳቤው ማህተም ለማግኘት አንድ ሳምንት ፈጀ። ማህተሙን የያዘችው ሴትዮ ለቅሶ ሄዳ ነበር፤ በለቅሶ ደግሞ እኔ ከማንም ጋር አልከራከርም። ከዚያም መዝገብ ቤት፣ ከመዝገብ ቤት ወደ ኃላፊው እየተመራ ሲዞር ሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ላይ ደረሰ።

የኮምፒውተሩ ኃላፊ አቶ ደረጀ ይባላሉ። ማሽኖቹ ያሉበት ክፍል ብርድ ስለሆነ በሹራብ ላይ ጋቢ ደርበው ነው የሚሠሩት። ደብዳቤዬን ከነግልባጮቹ በትዕግሥት አነበቡና ቀና አሉ።

«መምህር፣ ፕሮግራሙ እኮ አለ» አሉኝ።

«አላገኘሁም አለኝ እኮ!»

«ተጭኗል። ተጨማሪ ፕሮግራሞችን ለብቻ ነው የምናስቀምጣቸው። አንድ ላይ ከተዘረገፉ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። እርስዎ ሲፈልጉ በአንድ መስመር ትእዛዝ ያወጧቸዋል፤ ሲጨርሱ ይመልሷቸዋል።»

«ግምጃ ቤት አላቸው ማለት ነው?»

«እ... በቃ፣ እንደዚያ ይበሉት።»

«እንደ እድር ዕቃ?»

ይህን ጊዜ ስልካቸው ጮኸ። እያነሱት «አዎ፣ አዎ፣ እንደ እድር» አሉኝና የደብዳቤዬ ጀርባ ላይ «ሞጁል ሎድ» የምትል፣ የፕሮግራሙ ስም የተከተላት አንዲት መስመር ጽፈው ሰጡኝ። ለመመለሻውም «ሞጁል አንሎድ» የምትል ሌላ መስመር ከሥሯ ጨመሩበት።

ከክፍሉ የወጣሁት እየተንሳፈፍኩ ነው። እንደ እድር! ያን ሁሉ ሳምንት ያስፈራኝ ጥቁር መስኮት ለካ የማውቀው ነገር ነው። ዩኒክስን የፈጠረው ሰው ቀጨኔ ያደገ መሆን አለበት አልኩ። ቤት ገብቼ መስመሯን ጻፍኩ፤ ዝም አለ። የፕሮግራሙን ስም ጻፍኩ፤ ተከፈተ። በጥቂት ቁጥር ሞከርኩት፤ ሠራ። ስጨርስ በደንቡ መሠረት «ሞጁል አንሎድ» ብዬ መለስኩ። ስሠራ የተዝረከረኩትን ጊዜያዊ ፋይሎችም አንድ ሳላስቀር አጠፋሁ፤ ማጠቤ ነው። በላይነሽን ጠርቼ «አሁን ሌላ ሰው ንጹሑን ያገኘዋል» ብዬ አሳየኋት። ጥቁር መስኮት ውስጥ ምን እንዳየች አላውቅም፤ ብቻ «ጎበዝ» አለችኝ።

በማግስቱ ዓርብ ገብቼ የፕሮግራሙን ስም ብጽፍ አላገኘሁም አለኝ። ከግምጃ ቤት ወጥቷል ማለት ነው፤ አንዱ ወስዶታል። አልተናደድኩም። ሰው ይቸገራል፤ እስኪመልስ መጠበቅ ነው። ቅዳሜ ሞከርኩ፤ አልተመለሰም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሞከርኩ፤ የለም። ሰኞ ጠዋት፣ ሰኞ ምሳ ሰዓት፣ ሰኞ ማታ። የአቶ ደረጀን መስመር ቀድሜ መጻፍ እንዳለብኝ አላሰብኩም፤ የሌለ ድስት ውጣ ቢሉት አይወጣማ!

በላይነሽ ከእኔ በላይ ተበሳጨች። «ሰውዬው ምን ቢሠራበት ነው አራት ቀን?» አለችኝ።

«ትልቅ ሥራ ይዞ ይሆናላ።»

«ቢሆንስ? አንተስ ሰው አይደለህም? ንገራቸው እንጂ!»

እውነቷን ነው። የኮምፒውተሩን ተጠቃሚዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያደርስ የኢሜይል አድራሻ ነበርና ማክሰኞ በማለዳ ተነስቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ለተከበራችሁ የጋራ ኮምፒውተሩ ተጠቃሚዎች በሙሉ። የስታቲስቲክሱን ፕሮግራም የወሰዳችሁ ወገኖች፣ ሌላውም ተቸግሮ እየጠበቀ መሆኑን ተገንዝባችሁ ስትጨርሱ አጽድታችሁ በአስቸኳይ እንድትመልሱ እናሳስባለን። ይህን በማያደርጉት ላይ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት እርምጃ ይወሰዳል። ንብረት ክፍል።»

«ንብረት ክፍል» የሚለውን አስቤ አይደለም የጻፍኩት። አሥራ አራት ዓመት ማስታወቂያ የጻፈ እጅ እዚያ ሳይደርስ አይቆምም።

ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩና «እስቲ አሁን» ብዬ የአቶ ደረጀን መስመር ከደብዳቤው ጀርባ እያየሁ ጻፍኩ። ዝም አለ። የፕሮግራሙን ስም ጻፍኩ። ተከፈተ!

«መለሱት!» ብዬ ጮህኩ። በላይነሽ እጇን እየጠረገች መጥታ «ሃያ ደቂቃ እንኳን አልሞላም እኮ» አለች። በሠላሳ ዓመት ትዳር እንዲህ ያለ አድናቆት ከዓይኗ ያገኘሁት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። «እርምጃ ይወሰዳል» ስላልኩ ነው ብዬ አስረዳኋት።

ጊዜ ሳላጠፋ ትልቁን ስሌት አስጀመርኩ። ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ዓርብ ጠዋት ያልቃል ማለት ነው። ላፕቶፔን ዘግቼ ሥራ ብሄድ እንኳን ማሽኑ ብቻውን መሥራቱን አይተውም። መዝገቡ የሚዘጋው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ነውና የቀሩትን ባዶ ቦታዎች ሞልቼ ለማስገባት ግማሽ ቀን ይተርፈኛል። ማክሰኞ ዕለት ክፍል ውስጥ ሳስተምር አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ዛሬ ደስ ብሎዎታል» አለኝ። ስለ ጨጓራ ነበር የማስተምረው።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይህ መልእክት ደረሰኝ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ማስታወቂያውን ዘግይቼ ስላየሁት ይቅርታ። ፕሮግራሙ እስከ ዓርብ በጣም ያስፈልገኛል። ሰኞ ፈታኞቼ ፊት እቀርባለሁ። እባክዎን እንዳይከለክሉኝ። ሳምራዊት።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልጅቷ ባዶ እጇን ናት። ሌላው ማስታወቂያዬን ፈርቶ የመለሰውን እኔ አንስቼ ይዤባታለሁ። እሷ ሰኞ ትፈተናለች። የሚያስፈልጋት ነገር ደግሞ እኔ ዘንድ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ ቀን ሁለት ቤት ለቅሶ ተቀመጠ። ትልቁ ድስታችን አንድ ነው። ቀድሞ ለመጣው ሰጠሁ፤ ደንቡም እንደዚያው ነው የሚለው። ሁለተኛው ቤት ከየጎረቤቱ በተሰበሰበ ትንንሽ ድስት ሲጉላላ ዋለ፤ ለቀስተኛው የበላው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ባሏ የሞተባት ሴትዮ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ቆማ ሰላም ትለኛለች፤ ልጆቼን በየስማቸው ትጠይቃለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ላፕቶፔን ከድኜ ዳገቱን ወጣሁ። ችግኝ የቆጠርኩበት ቦታ ደርሼ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ስንት ቅዳሜ ነው እዚህ የተንበረከክሁት? አራት ዓመቴን አሰብኩ። ምስማሩን አሰብኩ። እውነቱን ልናገርና «መልእክቷን ባላየሁትስ ኖሮ?» ብዬም አሰብኩ። ግን አይቼዋለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ወረድኩ።

በላይነሽን ሳሎን አገኘኋትና ነገርኳት።

«ያንተስ ሥራ?» አለችኝ።

«እንግዲህ ሌላ ጊዜ...»

«ሌላ ጊዜ የለም አልተባልክም?»

ቀና አልኩ። እሷም ቀና አለች። ምስማሩም አለ፣ ከላያችን።

«ልጅቷ እናት አላት?» አለች።

«በላይነሽ፣ እኔ በምን አውቃለሁ!»

«ስጣት በቃ» አለችና ወደ ማድቤት ገባች። ያን ዕለት የድስት ክዳን አከዳደኗ ግን ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

ስሌቱን አቋረጥኩት። የአንድ ቀን ተኩል ሥራ ጠፋ፤ ማሽኑ «እርግጠኛ ነህ?» እንኳን አላለኝም። ፕሮግራሙን መለስኩ፤ ፋይሎቼን አጠብኩ። ለሳምራዊት «ልጄ፣ ፕሮግራሙን ለቅቄልሻለሁ፤ ተጠቀሚበት። ስትጨርሺ መልሺ። በርቺ» ብዬ ጻፍኩላት። ከዚያ እራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

ሐሙስ ጠዋት በእረፍት ሰዓት አቶ ደረጀ ደወሉ። «መምህር፣ እባክዎን አሁኑኑ ይምጡ» አሉኝ። ከዋና መምህሩ ፈቃድ ጠይቄ ታክሲ ተሳፈርኩ። ስደርስ ብርዱ ክፍል ውስጥ አቶ ደረጀ ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል፤ አጠገባቸው አንዲት ትልቅ መነጽር ያደረገች ወጣት እስካርፏን እስከ ጆሮዋ ጠምጥማ ተቀምጣለች።

«ሳምራዊት ነኝ» አለች ተነስታ።

«ተጠቀምሽበት?» አልኳት።

አቶ ደረጀ ጣልቃ ገቡ። «መምህር፣ ሥራዎን ማን ነው ያቋረጠብዎት?»

«እኔው ነኝ።»

«ለምን?»

«ለእሷ ልለቅላት ብዬ ነዋ!»

«ምኑን?»

«ፕሮግራሙን።»

አቶ ደረጀ ጋቢያቸውን አጣፉ። አወለቁት፤ መልሰው ለበሱት። «መምህር» አሉ በመጨረሻ፣ ለታማሚ ቤተሰብ እንደሚናገር ሐኪም ቀስ ብለው፣ «ፕሮግራሙን እኮ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ሊያወጣው ይችላል።»

«ሺህ ሰው?»

«እርስዎ አወጡት ማለት ከቦታው ተነሳ ማለት አይደለም። እዚያው ነው ያለው። መስመሯ ለእርስዎ መንገዱን ታሳያለች፤ ያ ነው ሥራዋ። ሲወጡ መንገዱ ይረሳል፤ በማግስቱ መስመሯን እንደገና መጻፍ ነው።»

«እና... አራት ቀን ጠፍቶ የነበረውስ?»

«የምን አራት ቀን?»

ነገርኳቸው። አጠባውንም ጭምር ነገርኳቸው። ሳምራዊት እስካርፏን አፏ ውስጥ ልትከተው ምንም አልቀራት።

«እንደ እድር ነው አላሉኝም?» አልኩ፣ ድምፄ ትንሽ ከፍ ብሎ።

«ስልክ ላይ ነበርኩ እኮ!» አሉ አቶ ደረጀ። ቀጥለው ግን አንገታቸውን ደፉ። «የኔም ጥፋት አለበት።»

«እኔ ደግሞ» አለች ሳምራዊት፣ «የኮምፒውተሩ አለቃ መስለውኝ ነው። ንብረት ክፍል ይላል እኮ! እያስኬድኩት ያለውን እንዳያቋርጡብኝ ነው የለመንኩዎት። 'ለቅቄልሻለሁ፣ ስትጨርሺ መልሺ' ሲሉኝ ምኑን እንደምመልስ ጨንቆኝ ነው አቶ ደረጀ ጋ የመጣሁት።»

ሳቁ። እኔም ልስቅ ፈልጌ ነበር፤ ግን ምስማሩ ታየኝ። በላይነሽ «ስጣት በቃ» ስትል የነበራት ፊት ታየኝ። ለማንም ላልጠቀመ ነገር አራት ዓመቷን አቃጠልኩባት። አለቀስኩ አልላችሁም፤ ክፍሉ ብርድ ነው፣ ብርድ ደግሞ ዓይን ያስነባል። ሁለቱም ሳቃቸውን ቀጥ አደረጉ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አሉ አቶ ደረጀ። አራት ሰዓት ነበር። መዝገቡ እስኪዘጋ አንድ ቀን ከጥቂት ሰዓት ቀርቶኛል፤ ስሌቱ ሦስት ቀን ይፈልጋል። አቶ ደረጀ ወንበር ሳቡና አስረዱኝ። ፕሮግራሙ አያልቅም፤ የሚያልቀው የማሽኑ ጉልበት ነው። ጉልበቱ ለተጠቃሚዎች በድርሻ ተከፋፍሏል። ሰፋ ያለ ድርሻ ባገኝ ሥራዬ በአንድ ቀን ይጠናቀቅ ነበር፤ ነገር ግን እስከ ዓርብ ማታ በሙሉ ተይዟል።

«ይኼኛው ነው እንግዲህ እንደ ድስት?» አልኳቸው።

«ይኼኛው ልክ እንደ ድስት ነው» አሉ በኀዘን።

«ትልቁን የያዘው ማነው?»

ሳምራዊት እጇን እንደ ተማሪ አወጣች።

የመጀመሪያ ሙከራዋ አልቋል። አሁን የምታስኬደው ሁለተኛውን፣ የመጀመሪያውን የሚያረጋግጥላትን ነው፤ ፈታኞቿ ሰኞ አጥብቀው የሚጠይቋት ስለ እሱ ነው። የኔ ሥራ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስለ ችግኞቹ ነገርኳት። ስለ ጉልበቴና ስለ ቆሎው ነገርኳት። ስለ ምስማሩም ነገርኳት፤ እሱ እንኳን አምልጦኝ ነው። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«ልለቅልዎት ነዋ።»

«በፍጹም! ሰኞስ?»

«ሰኞ ሁለተኛው አላለቀም እላለሁ። ይጮሁብኛል፤ ግን ስሜን አይሰርዙም» አለች። «እርስዎ ሥራዎን አጥፍተው እኔ ያልጎደለኝን ለቀቁልኝ። እኔ ይኼን ይዤ ብቀመጥ ምን ዓይነት ሰው ልባል ነው?»

እምቢ አልኩ። እሷም እምቢ አለች። በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ አንቺ ቅደሚ» እንደሚባባሉ ሰዎች ስንገባበዝ ቆየን። እኔ በሞቴ አልኩ፤ እሷ በእመቤቴ አለች። በመጨረሻ አቶ ደረጀ «ግብዣችሁን ስትጨርሱ ንገሩኝ፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው» ሲሉ እሷ ቁልፉን ተጫነች፤ እኔም ስሌቴን እንደ አዲስ አስጀመርኩ።

ዓርብ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ክፍል ተቀምጬ ጠበቅኩ። አቶ ደረጀ ከቤታቸው ሁለተኛ ጋቢ አምጥተውልኝ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ሁለት ጋቢ፣ አንድ ጥቁር መስኮት። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ስሌቱ አለቀ። ማገዶ ለቃሚ ሴቶች የረገፈውን የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርገው በሚወስዱበት ቦታ ወይራውና ጥዱ ቀና ቀና ብለው ይበቅላሉ፤ ቅጠሉ በተከመረበት ግን የሉም። ሁለት ዓመት በጉልበቴ የጠረጠርኩትን ማሽኑ አረጋገጠልኝ። ባዶዎቹን ቦታዎች ሞልቼ፣ አሳትሜ፣ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል የመዝገብ ቤቱ መስኮት ጋ ደረስኩ።

«ደብዳቤ ይዘዋል?» አለችኝ ሠራተኛዋ።

የምን ደብዳቤ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ቦርሳዬ ውስጥ ማህተም ያለው አንድ ብቻ ነበርና እሱኑ ሰጠኋት። ማህተሙን አየች፤ ግልባጮቹን ቆጠረች፤ ደስ ብሏት ፋይሌ ውስጥ አስገባችው። ጀርባው ላይ ያለችው የአቶ ደረጀ መስመር እስከ ዛሬ እዚያ መዝገብ ቤት ትኖራለች።

ሰኞ ፈታኞቿ እንደተጠበቀው ሳምራዊት ላይ ጮኹ፤ ሁለተኛውን ሙከራ ጨምሪ ብለው ጊዜ ሰጧትና አለፈች። የተመረቅነው በአንድ ቀን ነው። ፎቶዬ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው፤ የሰቀለችው በላይነሽ ስለሆነች ማንም እንዲያቃናው አትፈቅድም።

የሳምራዊት ቤተሰቦች ሽሮ ሜዳ ነው የሚኖሩት። ለምርቃቷ ድግስ ትልቁን ድስታችንን እንድናውሳቸው ጠየቀችኝ። ደንባችን አባል ላልሆነ ሰው ዕቃ አይሰጥም ይላል፤ በአሥራ አራት ዓመት አንድ ቀን አላፈረስኩትም። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልዴ ባሉበት ጉዳዩን ለኮሚቴ አቀረብኩ። ደብዳቤ ጽፌ ነው ያቀረብኩት፤ ግልባጭም ነበረው።

«ዘመድህ ናት?» አሉኝ ጋሽ ወልዴ።

«አይደለችም።»

«ታዲያ ምንህ ናት?»

እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? «የጋራ ኮምፒውተር ላይ አብረን ነበርን» አልኩ።

ጋሽ ወልዴ ከዘራቸውን ተደግፈው አሰቡ። «የጋራ ካላችሁማ ይሰጣት» አሉ። አስፈርሜ ሰጠኋት። ድስት እኮ ድስት ነው፤ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ አያወጣውም።

ከድግሱ በሦስተኛው ቀን ባጃጅ ላይ ጭና ራሷ መለሰችው። ሻይ ጠጥታ፣ ከበላይነሽ ጋር ስለ እናቷ አውርታ ሄደች። ወደ ግምጃ ቤቱ ላስገባው ክዳኑን ከፈትኩ፤ ታጥቧል። ከዚያ እንደ ልማዴ ስገለብጠው ቆሜ ቀረሁና በላይነሽን ጠራኋት።

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የዚያን ድስት ቂጥ መልኩን አላውቀውም ነበር። ነጭ ነው ለካ።